የቪክቶሪያ ቢልደር ነኝ፤ ላይሰንሴ ኩዊንስላንድ ይሠራል?

ሰንሻይን_ቢልደር (ሜልበርን)፦

ሰላም ለሁላችሁ። እንደምን ከረማችሁ?

ባለቤቴ ብሪዝበን (ኩዊንስላንድ) ሥራ አገኘች። ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ጠቅልለን እንሄዳለን። እኔ ቪክቶሪያ የተመዘገብኩ ቢልደር፣ ማለትም የቤት ግንባታ ተቋራጭ ነኝ። ምድቤ ዲቢ-ዩ ነው፤ የመኖሪያ ቤት ሥራ ያለ ገደብ። እዚህ ደረጃ የደረስኩት ቀን ቀን አናጢነት እየሠራሁ፣ ማታ ማታ ሰርቲፊኬት አራት (የሙያ ትምህርት ደረጃ ነው) እየተማርኩ ነው። መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል።

አሁን ሰው የሚነግረኝ ለየቅል ሆነብኝ። አንዱ «ከ2021 ወዲህ ላይሰንስ በመላው አውስትራሊያ አንድ ሆኗል፤ ዕቃህን ጭነህ ሂድ» ይለኛል። ሌላው «ከዜሮ ነው የምትጀምረው፤ ልምድህን እንደገና ያስቆጥሩሃል» ይላል። ሁለቱም እርግጠኛ ሆነው ነው የሚናገሩት። ላይሰንሱን ወደ ሌላ ስቴት ያዛወረ ሰው ካለ እባካችሁ አስረዱኝ።

ሁለት ነገር ልጨምር። የምሠራው በራሴ ፒቲዋይ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ኩባንያ) ስም ነው። ታናሽ ወንድሜም አብሮኝ ይመጣል፤ እሱ ሴራሚክ አንጣፊ ነው።

ጋሼ_ሎጋን (ብሪዝበን)፦

እንኳን ወደኛ መንደር በሰላም ያምጣህ፣ ወንድሜ። ባለቤትህንም እንኳን ደስ ያለሽ በልልኝ።

የነገሩህ ሁለቱም ልክ አይደለም። ዕውቅና የሚገኝባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። ሰው የሚያምታታው እነሱን ነው።

አንደኛው የቆየው ነው። የጋራ ዕውቅና ሕግ የወጣው በ1992 ነው። አንድ ስቴት ወይም ቴሪቶሪ ውስጥ ላይሰንስ ያለው ሰው ሌላው ስቴት ሄዶ ለዚያው ሙያ ያመለክታል። እነሱም የራሳቸውን ላይሰንስ ይሰጡታል። ቅጽ አለው፣ ክፍያ አለው። ሲያልቅ ግን እጅህ ላይ የኩዊንስላንድ ቁጥር ይገባል።

ሁለተኛው አውቶማቲክ የሚባለው ነው። የጀመረው ጁላይ 1 ቀን 2021 ነው። እሱ የሚጠቅመው መኖሪያህን ወይም ዋና ሥራህን ከያዝክበት ስቴት ሳትለቅ ሌላ ቦታ ገብተህ ስትሠራ ነው። ሁለተኛ ላይሰንስ አይሰጡህም፤ ያንተኑ ይቀበሉልሃል። ኩዊንስላንድ ደግሞ ነገሩ ሲጀመር አልገባችበትም ነበር።

አንተ ቤትህን ነቅለህ ነው የምትመጣው። ስለዚህ መንገድህ የመጀመሪያው ነው። የምታመለክተው ለኪውቢሲሲ ነው፤ ለኩዊንስላንድ የሕንጻና ኮንስትራክሽን ኮሚሽን። ፈተና የለም። ልምድህንም ከሀ ጀምረህ አታስመሰክርም።

ወሰን_ተሻጋሪ (ዎዶንጋ)፦

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። አውቶማቲኩ ለማን እንደሚሆን በእኔ ኑሮ ላሳይህ።

ቤቴ ዎዶንጋ ነው፣ ቪክቶሪያ። መሬይ ወንዝን ስሻገር ኦልበሪ ነው፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ። ጠዋት እዚህ ደንበኛ ጋ ነኝ፣ ከሰዓት እዚያ። ድሮ ለዚህ ሁለት ላይሰንስ፣ ሁለት ዕድሳት፣ ሁለት ክፍያ ያስፈልግ ነበር። አሁን የቪክቶሪያውን ይዤ እገባለሁ። ለማዶው ተቆጣጣሪ አስቀድሜ አሳውቃለሁ፤ በቃ።

«በቃ» ያልኩት ግን ላይሰንሱን ብቻ ነው። ድልድዩን ከተሻገርኩ በኋላ የምገዛው በእነሱ ሕግ ነው። እዚያ ጉልበቱም ዕቃውም ተደምሮ ከ5,000 ዶላር በላይ የሆነ የመኖሪያ ቤት ሥራ ላይሰንስ ይጠይቃል። ከ20,000 በላይ ከሆነ የቤቱን ባለቤት የሚሸፍነውን ኢንሹራንስ ሳትገዛ ቀብድ እንኳን መቀበል አትችልም። ቀብዱም ከ10 በመቶ አያልፍም። የውል ወረቀቱም የየስቴቱ ነው። እኔ መኪናዬ ውስጥ ሁለት ፋይል አለኝ፤ ሰማያዊው የቪክቶሪያ ውል፣ ቀዩ የማዶ። ደንበኛ ጋ ከመግባቴ በፊት የቤቱን ፖስትኮድ አይቼ ነው ፋይሉን የማወጣው።

አንድ ማሳሰቢያ። ስቴቶች አንዳንድ ሙያዎችን ከአውቶማቲኩ ማስወጣት ይችላሉ። ያንተ ሙያ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ሳታይ መሣሪያ አትጫን። ሰው «ወንድሜ ሠርቶበታል» ብሎ ይነሳል። ወንድሙ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ እሱ ቢልደር ነው።

እህት_ካንቤራ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ከዚህ ዓይነት ማመልከቻ ጋር ነው የሚያገናኘኝ። ሕጉ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ለአመልካቹ ያደላል። ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው።

ሕጉ የሚያየው ፈቃዱ የሚያሠራህን ሥራ ነው። በሁለቱ ስቴቶች የተፈቀደው ሥራ በመሠረቱ አንድ ከሆነ ሙያው አቻ ነው። የት ተማርክ፣ ስንት ዓመት ሠራህ እያሉ እንደገና እንዲመዝኑህ አይፈቅድላቸውም። የሥራው ስፋት ከተለያየ ላይሰንሱ ላይ ገደብ ጽፈው አቻ ያደርጉታል። ለምሳሌ ቪክቶሪያ ውስጥ የተፈቀደልህ የመኖሪያ ቤት ብቻ ከሆነ፣ ኩዊንስላንድ ስትገባ የንግድ ሕንጻ ሠሪ አትሆንም።

ሚኒስትሮች ያወጧቸው የአቻ ሠንጠረዦችም አሉ። የአንዱ ስቴት የቢልደር፣ የአናጢ ወይም የቧንቧ ሠራተኛ ምድብ ከሌላው የትኛው ጋር እንደሚገጥም ያሳያሉ። ወንድሜ፣ ከማመልከትህ በፊት ዲቢ-ዩ የት እንደሚያርፍ እዚያ ላይ እይ። ኩዊንስላንድ ቢልደሮቿን ሎው ራይዝ (ዝቅተኛ ሕንጻ)፣ ሚዲየም ራይዝ (መካከለኛ)፣ ኦፕን (ያለ ገደብ) ብላ ነው የምትመድባቸው። የተሳሳተ ምድብ ጠይቆ መመላለስ ጊዜ ይበላል።

ጊዜውንም ሕጉ ወስኖታል። የተሟላ ማመልከቻ ከገባ በአንድ ወር ውስጥ መወሰን አለባቸው፤ ይመዘግቡሃል፣ ያዘገዩታል ወይም ይከለክሉሃል። ማዘግየቱም ከስድስት ወር አያልፍም። የሚከለክሉበት ምክንያት ጠባብ ነው። የሰጠኸው ቃል በዋና ነገሩ ሐሰት ከሆነ፣ ወይም ሙያው በገደብ እንኳን አቻ መሆን ካልቻለ ነው። ውሳኔውን ካልተቀበልክ ለፌዴራሉ የአስተዳደር ግምገማ ትሪቡናል ታመለክታለህ። ከኦክቶበር 2024 ወዲህ የድሮውን ትሪቡናል (ኤኤቲን) ተክቶ የሚሠራው እሱ ነው።

ከሁሉ በላይ ስታት ዴኩን፣ ማለትም ከማመልከቻው ጋር የምትሰጠውን ሕጋዊ የቃል ማረጋገጫ፣ ተጠንቀቅ። እዚያ ላይ ላይሰንስ ያለህባቸውን ስቴቶች በሙሉ ትጽፋለህ። የዲሲፕሊን ክስ እንደሌለብህ፣ ፈቃድህ እንዳልታገደና እንዳልተሰረዘ ታረጋግጣለህ። ገደብ ካለብህ ትናገራለህ። ቪክቶሪያን እንዲጠይቁም ትፈቅዳለህ። ፋርማሲ ገብተህ ፋርማሲስቱን ምስክር አድርገህ ማስፈረም ትችላለህ፤ ግን ቀላል ወረቀት አይምሰልህ። በሐሰተኛ ስታት ዴክ እስከ አራት ዓመት መታሰር አለ። ቪክቶሪያን ደግሞ መጠየቃቸው አይቀርም።

ሰንሻይን_ቢልደር፦

እግዜር ይስጥልኝ። ልቤ ትንሽ ተረጋጋ። እህቴ፣ ማመልከቻው አስገብቼ እስኪወሰን ድረስ እጄን አጣጥፌ ነው የምቀመጠው? እዚያ ያለ አንድ ጓደኛዬ ከአሁኑ የጓሮ ቤት ሥራልኝ እያለኝ ነው።

የሜልበርኑ ተቆጣጣሪ ስሙ መቀየሩንም ሰምቻለሁ። ማስረጃዬ ግን የድሮውን ስም፣ ቪቢኤ፣ ነው የሚለው። ይቀበሉታል?

እህት_ካንቤራ፦

ስሙ አያስጨንቅህ። ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የቪቢኤን ሥራ የተረከበው የሕንጻና ፕላምቢንግ ኮሚሽን ነው። ምዝገባህ አልተሰረዘም፣ ቁጥርህም ያው ነው። ከሕዝብ መዝገቡ ላይ ስምህ፣ ምድብህና የዕድሳት ቀንህ የሚታይበትን ገጽ አትምና አያይዘው። አሮጌና አዲስ ስም ሲያዩ ከመጠየቅ ይድናሉ።

ስለ መጠበቁ፤ ሕጉ ማመልከቻ ያስገባ ሰው እስኪወሰን ድረስ እንደተመዘገበ ይቆጠራል ይላል። ነገር ግን እዚያው ጎን ኢንሹራንስና መሰል ግዴታዎችን ማሟላት አለበት ይላል። የላይሰንስ ቁጥር ሳይኖር ኢንሹራንሱን ማውጣት እንዴት ይቻላል? ሰው የሚጣበቅበት ቦታ ይሄ ነው። ኩዊንስላንድ ውስጥ ስላለው ጋሼ ቢነግሩህ ይሻላል። ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁታልና እባክዎ።

ጋሼ_ሎጋን፦

እሺ ልጄ።

ወንድሜ፣ የላይሰንስ ቁጥርህ እጅህ ሳይገባ ውል አትፈርም። ጓደኛህ ቢሆንም፣ ወንድምህ ቢሆንም።

እዚህ ከ3,300 ዶላር በላይ የሆነ የግንባታ ሥራ ላይሰንስ ይጠይቃል። ቪክቶሪያ ውስጥ የለመድከው 10,000 ነው፤ እዚህ አይሠራም። ከ3,300 በላይ የሆነ የመኖሪያ ቤት ሥራ ኢንሹራንስም አለው። ሜልበርን በደላላ በኩል ነበር የምትገዛው። እዚህ ራሱ ኪውቢሲሲ ነው የሚያስተዳድረው። ክፍያውን ከባለቤቱ ተቀብለህ ለእነሱ ታስገባለህ፣ ከዚያ መቆፈር ትጀምራለህ። ላይሰንስ የሌለው ሰው እዚያ ሥርዓት ውስጥ የሚገባበት በር የለም።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። በኩዊንስላንድ ሕግ አንቀጽ 42 የሚባል አለ። ያለ ላይሰንስ የሠራ ሰው ክፍያ የመጠየቅ መብት የለውም። ቢበዛ ለዕቃና ለሌላ ሰው ጉልበት ከኪሱ ያወጣውን ነው መጠየቅ የሚችለው። የራሱ ላብ አይቆጠርም። ትርፍ የለም። የማውቀው የእኛው ልጅ አለ፤ ጎበዝ እጅ ያለው። ከሌላ ስቴት መጥቶ ለወዳጁ ቤት አደሰ። ወጥ ቤቱ፣ መታጠቢያ ቤቱ፣ በረንዳው ሁሉ ተጠናቀቀ። መጨረሻ ላይ በአንድ በር ተጣሉ። ባለቤቱ ላይሰንስ እንዳልነበረው አወቀ፣ ቀሪውን አልከፍልም አለ። ልጁ ጠበቃ ጋ ሄደ፤ ጠበቃው አንቀጹን አሳየው። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ዕርቁ አልሆነም። ልጁ ሳምንታት የደከመበት ባዶ ቀረ። ወዳጅነቱም ፈረሰ።

ጓደኛህን «ቆየኝ» በለው። እውነተኛ ጓደኛ ከሆነ ይቆያል።

ቀብድም እዚህ ሌላ ነው። ውሉ 20,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀብዱ 5 በመቶ ነው። ከዚያ በታች 10 በመቶ።

ስለ ድርጅትህ። የጋራ ዕውቅናው ለሰው ነው እንጂ ለድርጅት አይደለም። ፒቲዋይህ በፌዴራል ስለተመዘገበ ስሙም ኤቢኤኑም (የንግድ መለያ ቁጥሩ) አብሮህ ይመጣል። ላይሰንሱ ግን አይመጣም። መጀመሪያ አንተ በስምህ ታገኛለህ። ከዚያ ድርጅቱ የራሱን ያመለክታል፤ አንተን ኃላፊ አድርጎ ያቀርባል፣ የገንዘብ አቅሙንም ያሳያል። ለዚህ የሒሳብ ባለሙያህን ከአሁኑ አነጋግረው። እዚህ የገንዘብ መስፈርቱን በቁም ነገር ነው የሚያዩት።

ሴራሚክ_አንጣፊ (ብሪዝበን)፦

የወንድምህን ነገር ማንም አልነካውም። እኔ እዚያው ሙያ ላይ ስለሆንኩ ልመልስ። እውነቱን ልንገርህ፤ ከአንተ ይልቅ የሚቸገረው እሱ ነው።

ቪክቶሪያ ውስጥ ሴራሚክ ብቻ የሚያነጥፍ ሰው እንደ ቢልደር መመዝገብ አይጠበቅበትም። ቀለም ቀቢም እንደዚያው። ደንቡ ነጻ ያደረጋቸው ነጠላ ሙያዎች አሉ። ኩዊንስላንድ ውስጥ ግን የግድግዳና የወለል ሴራሚክ ራሱን የቻለ ላይሰንስ አለው፤ ከ3,300 ዶላር በላይ ከሆነ ግዴታ ነው። የጋራ ዕውቅና የሚባለው ደግሞ ያለህን ላይሰንስ ነው የሚያሻግረው። ወንድምህ የሚያሻግረው ወረቀት የለውም። የፈለገውን ያህል ዓመት ሠርቶ ይሁን፣ የፈለገውን ያህል እጁ ይመር፣ በዚያ በር አይገባም።

ስለዚህ እንደ አዲስ አመልካች ነው የሚቀርበው። ሰርቲፊኬት ሦስት በሴራሚክ ካለው ግማሹ መንገድ አለቀ። ከሌለው አርፒኤል ያድርግ፤ የሠራውን አሳይቶ የብቃት ወረቀት የሚያገኝበት መንገድ ነው። እሱ ማስረጃ ይፈልጋል። አሁን ሜልበርን ሳለ ይሰብስብ። ያሠሩት ቢልደሮች ደብዳቤ ይጻፉለት። ኢንቮይሶቹን ያውጣ። ፎቶ ያንሳ፤ ያለቀውን ብቻ ሳይሆን የውኃ መከላከያው ሲቀባ፣ ቁልቁለቱ ወደ ፍሳሹ ሲስተካከል፣ ማዕዘኑ ሲቆረጥ። ገምጋሚው ማየት የሚፈልገው ከሴራሚኩ ሥር ያለውን ነው። የሚያብረቀርቅ ወለል ሁሉም ሰው ያነሳል።

እስከዚያው ላይሰንስ ያለው ሰው ዘንድ ደሞዝተኛ ሆኖ መሥራት ይችላል። አንተ ላይሰንስህን ስታገኝ አንተው ዘንድ ይቀጠር። በራሱ ኤቢኤን ዋጋ እየሰጠ አይሥራ።

ዋይት ካርዱ (የግንባታ ቦታ ደህንነት ሥልጠና ካርድ) ግን ችግር የለውም። በሁሉም ስቴት ይሠራል። ለሁለት ዓመት ያህል ከግንባታ ሥራ ርቆ ካልቆየ በቀር።

ሰንሻይን_ቢልደር፦

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። አሁኑኑ ደወልኩለት። ነገ ጠዋት ሳይት ላይ ፎቶ ማንሳት ይጀምራል። ተባረክ።

ፀሐይ_ፐርዝ፦

ባለቤቴ ከአደላይድ ወደ ፐርዝ ሲዛወር ያየነውን ልጨምር። ለእኛ ሰዎች በተለይ ይጠቅማል።

የስም ነገር ነው። እኛ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብለን ነው የምንጻፈው። ፓስፖርቱ ላይ ሦስቱም አሉ። ዋይት ካርዱ ላይ የአያት ስም የለም። የኮሌጁ ሰርቲፊኬት ላይ የአባቱ ስም በሌላ ሆሄ ተጽፏል፤ አንዱ ጋ በአንድ ኤስ፣ ሌላው ጋ በሁለት። ለእኛ አንድ ሰው ነው። ፋይሉን ለሚያየው ሠራተኛ ሦስት ሰው ነው። ማመልከቻው የቆመው በሙያው አልነበረም፤ በዚህ ነው። ከማመልከትህ በፊት ሰነዶችህን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ ስምህን ፊደል በፊደል አስተያይ። የማይገጥም ካለ አስቀድመህ አሳርመው ወይም አንድ ሰው መሆንህን የሚገልጽ ስታት ዴክ ከማመልከቻው ጋር አያይዝ።

ወደዚህ ለሚመጡ ደግሞ፤ ዌስተርን አውስትራሊያ ሁለት ደረጃ አላት። ፕራክቲሽነር ሙያተኛነትህን ያሳያል። ከሕዝብ ጋር ውል የሚዋዋለው ግን ኮንትራክተር ሆኖ የተመዘገበው ነው። ፕራክቲሽነሩን አግኝቶ ሥራ ጀመርኩ የሚል ሰው አለ። አልጀመረም። ቀለም ቀቢዎችም እዚህ ይመዘገባሉ፤ ገደቡ 1,000 ዶላር ነው። ከሜልበርን የሚመጣ ቀቢ ይሄን ሲሰማ ይደነግጣል።

ፈጣን_ሲድኒ፦

ይሄን ሁሉ ከምትደክሙ አጭሩን መንገድ ልንገራችሁ። መስፈርቱ ቀለል ያለበት ስቴት ሄዳችሁ አውጡ። ከዚያ በጋራ ዕውቅና የፈለጋችሁበት አምጡት። ራሳችሁ «እንደገና አይመዝኑም» ብላችኋል። ስንቱ አድርጎታል።

ጋሼ_ሎጋን፦

ልጄ፣ እንዲህ ያለ ምክር እዚህ አትስጥ። የሚያነቡት ገና ሙያውን የጀመሩ ልጆች ናቸው።

አንተ ሲድኒ ነህ። ዲሴምበር 24 ቀን 2018 ኦሊምፒክ ፓርክ ያለው ኦፓል ታወር ተሰንጥቆ ሰዎች በገና ዋዜማቸው ከቤታቸው ሲወጡ አይተሃል። በጁን 2019 ማስኮት ታወርስ ተከተለ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቆጠቡበትን አፓርትመንት ለቀው የወጡ ቤተሰቦች ናቸው። ኒው ሳውዝ ዌልስ በዚያው ዓመት የሕንጻ ኮሚሽነር ሾመች። በ2023 መጨረሻ ደግሞ ራሱን የቻለ ኮሚሽን አቋቋመች። ሰው የሚተኛበትን ቤት ነው የምንሠራው። ላይሰንስ የሚያወጣ ሰው ያንን ቤት መሥራት የሚችል ሰው መሆን አለበት።

እህት_ካንቤራ፦

ጋሼ፣ እጅዎን እስማለሁ።

በሕጉም በኩል ፈጣን ሲድኒ እንደሚያስበው አይደለም። የፌዴራሉ መንግሥት አማካሪ የሆነው ፕሮዳክቲቪቲ ኮሚሽን የጋራ ዕውቅናውን በ2009ም በ2015ም ሲገመግም ይህንኑ ስጋት አንስቷል። ተቆጣጣሪዎቹ በደንብ ያውቁታል። የኖርክበት አድራሻ፣ የሠራህበት ቦታና ላይሰንስ ያወጣህበት ስቴት ሳይገጥሙ ሲቀሩ ይጠይቃሉ። መጀመሪያ ላይሰንሱን ያገኘኸው በሐሰተኛ የልምድ ደብዳቤ ከሆነ እዚያ ይሰረዛል። እዚያ በጥፋት ሲሰረዝ በእሱ ላይ ተመሥርቶ ያገኘኸው ሁሉ አብሮ ይወድቃል። አንዱ ስቴት ሲያግድህ ሌላውም ያግድሃል። ሕጉ በግልጽ የጻፈው ነው።

በአውቶማቲኩ ዕውቅና ገብተህ በምትሠራበት ስቴት ላይ ተመሥርተህም ሦስተኛ ስቴት ማመልከት አትችልም። መነሻው ሙሉ ምዝገባ መሆን አለበት።

አዲስ_ገቢ (አደላይድ)፦

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ እወጣለሁ። አዲስ አበባ የሲቪል መሐንዲስ ነበርኩ። ደረጃ ያለው የኮንትራክተር ድርጅት ውስጥ የሥራ ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ የሙያ ምዝገባም አለኝ። እሱን እዚህ ማስቀየር ይቻላል?

እህት_ካንቤራ፦

ወንድሜ፣ በዚህ ሕግ አይቻልም። የጋራ ዕውቅናው በአውስትራሊያ ስቴቶችና ቴሪቶሪዎች መካከል ነው። ከውጭ አገር የተጨመረችው ኒውዚላንድ ብቻ ናት፤ እሷም በ1997ቱ የትራንስ-ታስማን ሕግ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያገኘኸው ምዝገባ በዚህ በኩል አይገባም።

ዲግሪህ ግን አልጠፋም። መሐንዲስነትህን የሚገመግመው ኢንጂነርስ አውስትራሊያ ነው። የሠራሃቸውን ፕሮጀክቶች በራስህ ቃል ጽፈህ ታቀርባለህ። ዓላማህ ቢልደር መሆን ከሆነ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው፤ አርፒኤል፣ ሰርቲፊኬት አራት ወይም ዲፕሎማ፣ ከዚያ በምትኖርበት ስቴት ማመልከቻ። ኢትዮጵያ የሠራኸው ልምድ አርፒኤሉ ላይ ይረዳሃል። የመሩህ ሰዎች ደብዳቤ፣ የፕሮጀክት ውል፣ የክፍያ ሰነድ ያለህን ሁሉ አስተርጉመህ አስቀምጥ። የሚተረጉምልህ ሰው በናቲ (ለተርጓሚዎች ምስክር ወረቀት የሚሰጠው የአውስትራሊያ አካል) የተመሰከረለት ይሁን።

ወሰን_ተሻጋሪ፦

አዲስ ገቢ፣ በርታ። መሐንዲስ ሆኖ ሳይት ላይ መጀመሪያ አናጢ ረዳት የሆነ ስንት ሰው አለ። የአውስትራሊያን የእንጨት ፍሬም ሳይት ላይ ቆመህ ተማረው። እኛ አገር የለመድነው ብሎኬትና ኮንክሪት ነው። እዚህ ቤቱን የሚሸከመው እንጨቱ ነው፤ ጡቡ ከውጭ የሚለበስ ነው። ይሄን በዓይንህ ካየህ በኋላ ስታንዳርዱን ስታነብ ይገባሃል።

ሰንሻይን_ቢልደር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ይሄ ክር ለስንት ሰው ይጠቅማል።

የመጨረሻ ጥያቄ። የኩዊንስላንዱ ከመጣ በኋላ የቪክቶሪያውን ምዝገባ ልተወው? ዕድሳቱ ወጪ ነው። እዚያ የሠራኋቸው ቤቶችስ?

እህት_ካንቤራ፦

የኩዊንስላንዱ እጅህ እስኪገባ ድረስ የቪክቶሪያው እንዳይቋረጥ። መነሻህ እሱ ነው። ማመልከቻው መሃል ዕድሳትህ ካለፈ ነገሩ ይበላሻል። ከተመዘገብክ በኋላ ግን ሁለተኛው ራሱን ይችላል። የቪክቶሪያውን ባታድስ የኩዊንስላንዱ አይነካም። ከዚያ በኋላ የምታድሰው በኩዊንስላንድ ደንብ ነው።

የሠራሃቸው ቤቶች ኃላፊነት ግን ምዝገባህ ስላበቃ አያበቃም። ቪክቶሪያ ውስጥ በግንባታ ጉድለት ክስ የሚቀርብበት ጊዜ እስከ 10 ዓመት ነው። ውሎቹን፣ ፕላኖቹን፣ የምርመራ ወረቀቶቹን ሁሉ ይዘህ ሂድ። ስትዛወር ጋራዥ ስታጸዳ አትጣላቸው። ለደንበኞችህም አዲሱን አድራሻህን አሳውቅ።

ጋሼ_ሎጋን፦

አንድ የረሳነው አለ። የረጅም አገልግሎት ፈቃድህና የወንድምህ፤ ብዙ ዓመት ለሠራ ሰው ከክፍያ ጋር የሚሰጠው ዕረፍት። ቪክቶሪያ ውስጥ ሌቭፕላስ የሚባለው ዘንድ የተጠራቀመላችሁ ካለ አይጠፋም። ስቴቶቹ በዚህ ላይ የጋራ ስምምነት አላቸው። እዚህ ያንኑ ሥራ በሚሠራው ኪውሊቭ ዘንድ ትመዘገባላችሁ፤ የሁለቱም ቦታ አገልግሎት ይደመራል። ወንድምህ እዚያ ስሙ መመዝገቡን ሳይወጣ ያረጋግጥ። አሠሪዎቹ ያላስመዘገቡት ጊዜ ካለ አሁን እዚያው ሆኖ መጠየቅ ይቀለዋል። ወርኃዊ የደሞዝ ወረቀቶቹን ይያዝ።

ስትደርሱ ደውልልኝ፤ የግል መልእክት ላይ ስልኬን ልኬልሃለሁ።